ከወለሉ ስር ያለ ሕግ

አንድ ቦታ ትክክል የሆነ ሕግ ሁሉም ቦታ ትክክል ነው? የመኪና ማቆሚያውን መኖሪያ ክፍል የሚያደርግ ሰው ከኮንክሪቱ ስር ፎም ያንጥፍ የሚለው መመሪያ የመጣው መሬቱ የቤቱን ሙቀት ከሚሰርቅበት ከብርድ አገር ነው። አሶሳ ላይ ግን በመጋቢት ቀትር ከአየሩ ይልቅ የሚቀዘቅዘው መሬቱ ነው፤ ፎሙ ይህንኑ ቅዝቃዜ ይዘጋል። እዚህ የወለሉ ጠላት የክረምት እርጥበትና ምስጥ ነው፤ የአካባቢው የበርታ ሕዝብ ባህላዊ ቤት የቀርከሃ ወለሉን ድንጋይ ላይ ከፍ ማድረጉም ያለ ምክንያት አይደለም። ለሊሾ ወለል ደግሞ እርጥበቱን ለመከላከል የድንጋይ ሙሌትና ያልተቀደደ ላስቲክ ይበቃል።

«እንግዲያው መልካም ሁሉ እንደ አገሩ ነው ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የነዋሪው ጤና የትም ቢሆን ያው ግብ ነው፤ የሚለያየው መንገዱ ነው። አርስቶትልም ተግባራዊ ጥበብ ያለው አጠቃላዩን ከማወቅ ባሻገር የፊት ለፊቱን ጉዳይ መለየትን ነው። ፎሙ ጣሪያ ስር ቢገባ ግን አልቃወምም፤ የአሶሳ ፀሐይ የምትበረታው በቆርቆሮው በኩል ነው።