በሞቴ ብላ

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "በላህ?" ብላ ነው። "ደኅና ነህ?" አይደለም፣ "ሥራ እንዴት ነው?" አይደለም። አምና ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ ግን ጥያቄው ተቀየረና "በላ?" ሆነ። የምትጠይቀው ስለ አንድ ዓሣ ነበር።

ዓሣው ማንዳሪን ድራጎኔት ይባላል። የኔው ስድስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ ብርቱካንማ መስመሮች ይጠማዘዙበታል፤ ስብሰባ የሰለቸው ሰው ደብተሩ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ እየተጫወተ የሳለው ነው የሚመስለው። አገሩ ምዕራብ ፓሲፊክ ነው፤ ከደቡብ ጃፓን ደሴቶች በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አድርጎ እስከ አውስትራሊያ፣ በኮራል ፍርስራሽ መካከል ይኖራል። ሰማያዊነቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በእንስሳት ላይ የምናየው ሰማያዊ አብዛኛው እውነተኛ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን ጥቃቅን ቅርጾች ላይ ሲያርፍና ሲመለስ የሚፈጥረው ነገር ነው። የዚህ ዓሣ ቆዳ ግን እውነተኛ ሰማያዊ ቀለም የተሸከሙ ሕዋሳት አሉት። ጎዳ እና ፉጂ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እኔ ይሄን ባነበብኩ በሳምንቱ ሄጄ ገዛሁት።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኮድ እየጻፍኩ ከቤት ነው የምሠራው። ከሞኒተሬ አጠገብ 110 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውኃ አኳሪየም አለ። ባሕር በዓይኔ ያየሁት በ24 ዓመቴ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ለአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ጨው እየመዘንኩ ትንሽ ባሕር መሥራት ያስደስተኛል። ሁለት ክሎውንፊሽ ነበሩኝ፤ "ፋይንዲንግ ኒሞ" ላይ ያያችኋቸው ዓይነት። እነሱ ምንም የማያስቸግሩ ናቸው። ማንዳሪኑ ሲመጣ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ማንዳሪን በተፈጥሮው የሚበላው በዓይን ብዙም የማይታዩ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፣ ኮፔፖድ የሚባሉ የሽሪምፕ ዘመዶችን ነው። ድንጋይ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን እየዞረ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ምግብ ቆርሶ መዋጥ፣ ጠግቦ መተኛት የሚባል ነገር የለውም። የደረቀ ምግብ አፍንጫው ሥር ቢወድቅ እንደ አሸዋ ያልፈዋል። በረዶ የሆነ ሽሪምፕም እንደዚያው። ብዙ ማንዳሪኖች በምግብ ተከበው በረሃብ ይሞታሉ።

ይህን ስገዛው አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሳየው ከጭንቅላቱ ኋላ ሆዱ ገብቷል፤ ከላይ ሲያዩት ወገቡ እንደ ጨመቁት ቧንቧ ጠቧል። ሻጩ "በረዶውን ይበላል፣ አታስብ" አለኝ። እንደማይበላ ሁለታችንም እናውቃለን። አኳሪየሜ የአምስት ወር ጨቅላ ነው፤ ድንጋዩ ላይ በቂ ኮፔፖድ ሊኖር አይችልም። ታዲያ ምን ብዬ ገዛሁት? ለራሴ የነገርኩት "እዚህ ከሚሞት እኔ ጋ ይምጣ፣ ላድነው" የሚል ነው።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ማዳን የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት አስቦኛል። እኔ ዳታቤዝ ነው ሥራዬ። ሱቁ ዓሣውን የሚያየው በምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁጥር። ቁጥሩ ከአንድ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሥርዓቱ "ይህ ዕቃ ተሸጧል፣ አምጡ" ይላል። ያዝንኩለት ስለራበው ይሁን ቆንጆ ስለሆነ ሥርዓቱ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። እኔ ባልገዛው ያ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ይሞት ነበር፤ ሻጩም ከሠራ ከሠራ ቀጣዩን ለማዘዝ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። ስገዛው ግን አንድ ሰው ፊሊፒንስ ወይም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ እንዲይዝ ብር ላክሁ። ያድናል ብዬ ያደረግሁት ነገር የዚህኛውን ዕድል አሻሽሎ የሚቀጥለውን ዓሣ ከድንጋዩ ነቀለው። ፊት ለፊት ለቆመው ማዘን ከኋላው ለተሰለፈው ዕዳ ይሆናል። ይህንን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ባስበው ኖሮ እተወው ነበር ወይ? አላውቅም። ሆዱ ገብቶ እያዩት ሒሳብ መሥራት ከባድ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ የማዳን ሐሳቡ ራሱ አይመጣብኝም ነበር።

ብቻ ገዛሁት፤ ቤት መጣ፤ አልበላም።

መጀመሪያ አርቴሚያ አስፈለፈልኩ። አርቴሚያ የጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ እንቁላሉ ደረቅ ሆኖ በጣሳ ይሸጣል። ጨዋማ ውኃ ውስጥ ጨምረው፣ አየር እየነፉ ሞቅ አድርገው ካቆዩት በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ የተገለበጡ የኮካ ጠርሙሶች ተደረደሩ። የተፈለፈሉትን በሕፃን መድኃኒት መስጫ ስሪንጅ መጥጬ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ ክሎውንፊሾቹን በሌላ ምግብ አታልዬ፣ ቀስ አድርጌ ፊቱ ላይ እለቃለሁ። እሱ ሁለት ዓይኖቹን ለየብቻ እያሽከረከረ ያያል፣ ጠጋ ይላል፣ ያስባል። ትቶ ይሄዳል። እኔም ራሴን "በሞቴ! አንዲት ብቻ!" ስል አገኘሁት። ጮክ ብዬ። ለዓሣ። በአማርኛ።

ይሄን ቃል የት እንዳውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ለትምህርት ብለው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ አክስቴ ጋ ላኩኝ። የሄድኩ ሰሞን መብላት አቆምኩ። ማንም አላስከፋኝም፤ አክስቴ ከእናቴ የምትለይ ሰው አልነበረችም። ብቻ ምግቡ ወደ አፌ ሲመጣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። አክስቴ ተጨነቀች፤ አደራ ነዋ! ማዕድ በቀረበ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ እኔን ያያል። "በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!" ጉርሻው ይመጣል። እኔ አፌን እገጥማለሁ። ስምንት ዓይን አፌ ላይ ተተክሎ መዋጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። በሳምንቱ ይመስለኛል፣ የጎረቤት አሮጊት ቡና ሊጠጡ መጥተው ትዕይንቱን አዩና አክስቴን "ተዪው፣ አትዪው" አሏት። በማግሥቱ አክስቴ ምንም ሳትናገር የሹራቤን ኪስ በገብስ ቆሎ ሞላችው። ግቢው ውስጥ ስሮጥ፣ አጥር ሥር ስቆፍር፣ ሳላስበው አንድ አንድ እያደረግሁ ቆረጠምኩት። እሷ ኪሱን እንጂ እኔን አታይም ነበር። ማታ ኪሱ ባዶ ከሆነ ጠዋት ይሞላል። ከማዕድ ለመብላት ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ማንዳሪኑ በሦስተኛው ሳምንት አርቴሚያውን ጠቅ አደረገ። አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ለእናቴ ወዲያው ደወልኩላት፤ እዚያ ሌሊት ነበር፣ ግን ተነሥታ እልል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ከስብሰባ በፊት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ እየጎረሰልኝ ኖረ። እኔም ሲበላ እያየሁት ደስ እያለኝ ኖርኩ።

እሱ ግን ይከሳል። ይህን ለመቀበል አንድ ወር ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም እየበላ ነው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው! አንድ ቅዳሜ ስቶፕዋች ይዤ ተቀመጥኩና ድንጋይ ድንጋዩን ሲለቅም ቆጠርኩ። በደቂቃ ስምንት ጊዜ ገደማ ጠቅ ያደርጋል። በሰዓት 480፣ በአሥር ሰዓት ብርሃን 4,800። ግማሹ እንኳ ቢሳካለት በቀን 2,400 ነፍስ ይበላል ማለት ነው። እኔ በስሪንጅ የምሰጠው፣ ክሎውንፊሾቹ የሚነጥቁትን ጨምሮ፣ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አርቴሚያ ደግሞ ከተፈለፈለ በኋላ ይዞት የመጣውን የእንቁላል አስኳል በሰዓታት ውስጥ ስለሚጨርሰው ማታ የምሰጠው ነገር ባዶ ቅርፊት ለመሆን የቀረበ ነው። ሕያው ኮፔፖድ በጠርሙስ ይሸጣል፤ አንዱ 30 ዶላር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ 3,000 ይላል። ሄዶ ሄዶ የአንድ ቀን ከሩብ ቀለብ። ድንጋዩ ላይ እንዲራቡ ጊዜ ከሰጧቸው ይራባሉ፤ እሱ ግን ጊዜ አይሰጣቸውም።

ያኔ የገባኝ ነገር አሳፈረኝ። ያ በቀን ሦስት ጊዜ የማየው ጉርሻ በቂ የነበረው ለእኔ ነው። የእኔን ጭንቀት ያጠግባል፣ እሱን አያጠግብም። እንግዳ "በቃኝ" እያለ የምናጎርሰው፣ ሕመምተኛ አፉን እያዞረ ማንኪያ የምናስጠጋው፣ እውነት ለእሱ ነው ወይስ የኛ እጅ ባዶውን እንዳይቀመጥ? ጉርሻን እየተቃወምኩ አይደለም፤ ጉርሻ ናፍቆኝ ነው የምኖረው። ግን ጉርሻ ሁለት ሰው ስለሚያይ ነው ደስ የሚለው። ቆሎው ኪስ ውስጥ ሲሆን የሚያይ የለም፤ አመስጋኝም የለም።

ጓደኛዬ አንድ ቀን ቤት መጥቶ የጠርሙሶቹን ሠልፍ ሲያይ "አንተ፣ አገር ቤት ሰው እየራበው ለዓሣ ቀለብ ትሰፍራለህ?" አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን ወጋኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። "ዓሣም ይሰማዋል" የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ጀረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንስሳት መጠየቅ ያለበት ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስነደን እና ባልደረቦቿ ትራውት የተባለውን ዓሣ ከንፈር በአሲድና በንብ መርዝ ሲወጉት፣ ዓሣው ከንፈሩን ከጠጠር ጋር ሲያሽ ታይቷል፤ ወደ ምግቡም የተመለሰው ካልተወጉት በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ "ዓሣ እኮ ነው" ብሎ ማለፍ ለእኔ ከብዶኛል። ነገር ግን ጓደኛዬ ያለው እንዲህ አልነበረም። እሱ ያለው ቅደም ተከተል አለ ነው።

የመለስኩለት ዘግይቼ፣ በቴክስት ነው። የአያቴ ላም ሜዳ ላይ ስትለቀቅ የምትበላውን ራሷ ታገኛለች። በገመድ የታሰረች ቀን ግን ሣር ማምጣት የአሳሪው ግዴታ ነው፤ ጎረቤት ምንም ችግር ቢኖርበት ገመዱን ያሰረው ሰው "ከዚህ የባሰ አለ" ማለት አይችልም። በዓለም ያለውን ረሃብ ሁሉ እኔ አላመጣሁትም፤ ይሄኛውን ግን 40 ዶላር ከፍዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ "ታዲያ ለምን አትፈታውም?"

መፍታት ቀላል አይደለም። ፓሲፊክ ወስጄ አልለቀውም። ሱቁ ይቀበለኛል፤ ግን ያ ማለት እንደኔ ዓይነት አዳኝ እስኪመጣ ድረስ መስታወት ውስጥ መልሶ ማቆም ነው። በእርባታ የተወለዱ፣ ከልጅነታቸው የሰው ምግብ የለመዱ ማንዳሪኖች እንዳሉም ያኔ ነው በቁም ነገር ያየሁት፤ ዋጋቸው ወደድ ይላል። ያንን መጀመሪያ መግዛት ነበረብኝ፤ ወይም ምንም አለመግዛት።

ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ነበር፣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ። በቀን ሦስት ጊዜ ስሪንጅ የሚይዝ ሰው የለኝም። ማሽን ልሠራ አሰብኩ፤ ሞተር፣ ትንሽ ኮድ፣ ካሜራ። ሁለት ሌሊት ሠርቼበት ነበር። ከዚያ ካሜራውን ለምን እንደጨመርኩ ራሴን ጠየቅሁና ተውኩት።

ከእኔ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ይኖራል። አኳሪየሙ 680 ሊትር ነው፣ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ሥሩ ኮፔፖድ ብቻ የሚራባበት ሌላ ገንዳ አለው። ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኗል፤ እንደኔ ጽድት ያለ አይደለም። ዓሣውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። እየፈራሁ "ምን ያህል ጊዜ ትመግበዋለህ?" አልኩት። "አልመግበውም" አለኝ። ውኃውን ለአንድ ሰዓት ቀስ በቀስ አለማመድነውና ለቀቅነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማያዊው ብልጭ አለና ድንጋይ ሥር ገባ።

ከሠርጉ ስመለስ ልጠይቀው ሄድኩ። ቡና ይዘን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሆነ። አልወጣም። ሰውዬው ብዙ ጊዜ ሊመሽ ሲል እንደሚያየው፣ አሁን ወፍራም እንደሆነ ነገረኝ፤ እኔ ግን ሥራ ስለነበረኝ ሳይመሽ ወጣሁ። ማታ እናቴ ደወለች።

"በላ?"

"አላየሁትም" አልኳት።

ሁለቱ ክሎውንፊሾች አሁንም እኔ ጋ ናቸው። የሰጠኋቸውን ሁሉ ይበላሉ፤ ጠዋት ጣቴ ገና ወደ መስታወቱ ሲጠጋ እየተጋፉ ይመጣሉ።