ሞራና ባዕድ ነገር

በዓል ደርሶ በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኘውን ስስ ስብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሞራ ነው። ሞራ ገላጩ የነገውን ዕድል አነብበታለሁ ይላል፤ ያንን ለራሱ እንተውለት። በእኛም ሆድ ውስጥ ሞራ አለ፤ ሥራውም ዘበኝነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1874 ራንቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በሞራ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ከወተት ጋር አመሳስሎ ሰየማቸው። ነጥቦቹ የነጭ የደም ሕዋሳት ሠፈር ናቸው። ከእነዚህም ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ ማለትም ትልልቆቹ በላተኞች፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሾልኮ የገባውን ጀርም ከብበው ይውጡታል። ሞራውም ራሱ በታመመው ቦታ ላይ ተለጥፎ ጉዳቱ እንዳይዛመት ይሸፍነዋል።

ነገር ግን ጥበቃው ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ቀድሞ ቀዶ ሐኪሞች ጓንታቸው በቀላሉ እንዲጠልቅ ታልክ የሚባል የድንጋይ ዱቄት፣ ኋላም የበቆሎ ስታርች ይነሰንሱበት ነበር። ታልክ ሕይወት የለው፣ ክፋት የለው። ሆኖም በሆድ ውስጥ ሲቀር ሕዋሳቱ ይከቡታል፤ ውጠው ሊያሟሙት ሲያቅታቸውም እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ግዙፍ ሕዋስ ይሆናሉ፤ ዙሪያውንም በጠባሳ ያጥሩታል። ያ ጠባሳ አንጀትን ከአንጀት እያጣበቀ የምግቡን መንገድ እስከ መዝጋት ይደርሳል። በሽተኛውን የጎዳው ዱቄቱ ነው ወይስ ጥበቃው? አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሐኪም ጓንት እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላለች፤ ሕዋሳቱን መምከር አይቻልምና።

በአንጻሩ ሽሮውም እንቁላሉም ለሰውነታችን ባዕድ ነው። አንጀታችን ግን በየዕለቱ በሰላም ይቀበለዋል፤ በዚያ የሌሎቹን ቁጣ የሚያበርዱ ሕዋሳት አሉና። እንግዲህ ባዕድ መሆን ብቻውን ጠላት አያሰኝም ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ጉባኤያችን ብለን ነው። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ወጣት ያልለመድነውን ጥያቄ ሲያነሣ ወዲያው ሃይማኖት ይጠበቅ የሚሉ ከመካከላችን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጀርም አለና። ነገር ግን ማክሮፋጅ የከበበውን ነገር ከየት መጣህ ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። እኛ ግን ከጉባኤው በኋላ ወጣቱን አጠገባችን አስቀምጠን፣ ጥያቄውን ከማን እንደ ሰማው፣ መልሱንም ለምን እንደ ፈለገው ልንጠይቀው እንችላለን። መምህራችንም አብረውን ቢኖሩ ይመረጣል፤ ምናልባት ጥያቄው ከእኛም የብዙዎቻችን ሆኖ ይገኝ ይሆናል።