መክሳትን ስለ መፈለግ

በወሎ ሰውና ሰው ሰንበትበት ብሎ ሲገናኝ፣ የጤናና የቤተሰብ ጥያቄው ካለቀ በኋላ ወሬው ወደ ገላ ይዞራል። «ወፈር ብለሃል፤ ተመስገን!» ይባላል፤ ወይም «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ይባላል። የፊተኛው ምርቃት ነው። የኋለኛው የሐዘኔታ ጥያቄ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ልጇን የምትቀበል እናት ከሻንጣው በፊት ጉንጩን ታያለች።

እንግዲህ ይህ ሰላምታ ባልጠፋበት ከተማ፣ በደሴ ፒያሳ፣ ሆን ብለው ለመክሳት ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ተፈጥረዋል። ከሥራ በኋላ ፎቅ ወጥተው ብረት ያነሳሉ። ቦርጭ የጀመረው የቢሮ ሠራተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው ባለ ሱቅ፣ ከወሊድ በኋላ ገላዋ የከበዳት ሴት፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስቡን ጥዬ ጉልበቴን እንዴት ላስቀር?» ይላሉ። ጥያቄው ለስፖርት አሠልጣኝ የሚቀርብ ይመስላል። እኔ ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ምድር ላይ ቆሞ መክሳትን መመኘት ይገባል ወይ?

«ጥጋብ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላል ተረታችን። ረሃብ የወሎን ስም ሁለት ጊዜ በዓለም ፊት ይዞ ዞሯል፤ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፣ በ1977 ዓ.ም. ሌላ ጊዜ። በኮረምና በባቲ መጠለያዎች የተነሱትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው የቆዳንና የአጥንትን መጣበቅ አይረሳም። ከዚያ ዘመን የተረፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከእነሱ አንዱ የልጅ ልጁን «እኛ አጥተን ያለቅንበትን አንተ ከፍለህ ትጥለዋለህን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ምን ብሎ ይመልሳል?

መልስ ከመፈለጋችን በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባናል። ረሃብና ስብን መቀነስ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ሰው ይከሳል። በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ግን የተለያየ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ተጀምሮ በ1945 በዘለቀ ሙከራ፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሴል ኪይስ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው አስርቦ ነበር። ወጣቶቹ ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው ወደ ጦር ሜዳ ከመዝመት የታቀቡ ናቸው። ለ6 ወር ያህል ከለመዱት ግማሽ ገደማ እየበሉ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ያጡት ታዲያ ስብ ብቻ አልነበረም። ጡንቻቸው ሟሸሸ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ጀመር። እንደገና መብላት ሲፈቀድላቸው ደግሞ ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ ተመለሰ። አንሴል ኪይስ በሚዛንና በመሣሪያ ያረጋገጠውን የወሎ ሰው በዓይኑ ያውቀው ነበር። ረሃብ የገባበት ገበሬ ስቡ ብቻ ሄዶ ጉልበቱ አይቀርለትም። ዝናቡ ሲመለስ ሞፈር የሚይዝበት ክንድ ያጣል።

ሰውነት ሲጎድልበት ከሁለት ጎተራ ያወጣል ማለት ነው፤ ከስብም ከጡንቻም። ከየትኛው የበለጠ እንደሚያወጣ የሚወስኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጉድለቱ መጠን ነው። በሳምንት ከክብደት ከመቶ ግማሽ እስከ አንድ እጅ ቢቀንስ፣ ማለትም 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ400 እስከ 800 ግራም ቢጥል፣ ሰውነት አይደነግጥም። ሁለተኛው ፕሮቲን ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ቢያገኝ ጡንቻ የሚጠገንበት አያጣም። ሦስተኛው ሸክም ነው። ጡንቻ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከባድ ነገር ከተጠየቀ ሰውነት «ይህ ያስፈልገኛል» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ካልተጠየቀ ግን ስንቁን ከሚበላ ሥራ ፈት ይቆጥረዋል።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴም ረቂቅ አይደለም። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፤ በቃ። በየቀኑ መካከል አንድ ቀን ዕረፍት፣ ሌሊት በቂ እንቅልፍ፣ ጉልበት ሲጨምር ሸክሙን ጥቂት ማከል። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። አዲስ ገቢ እንዲያውም ነባሩ የሌለው ዕድል አለው፤ ጡንቻው ለሸክም እንግዳ ስለሆነ ስቡ እየቀነሰ ሳለ ጡንቻው ሊያድግለት ይችላል። በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር፤ ቀድሞውኑ የከሳ ሰው ደግሞ በዚህ ጉዳይ ምንም የሚጥለው የለውም።

ምግቡም ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የሚመጣ ዱቄት መሆን የለበትም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 112 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል እንበል። አራት እንቁላል 24 ግራም ገደማ ይሰጡታል፤ 200 ግራም ደረቅ ምስር 48 ገደማ፤ ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ደግሞ 37 ገደማ። ሲደመር ሊደርስ ምንም አልቀረው። በጾም ቀን እንቁላሉ ቢወጣ ባቄላው፣ ሽሮውና ሽንብራው ይጨመራል። እንግዲህ የወጥ ቤታችን ሀብት ይህ ነው። ይህን ያህል ምስርና እንቁላል በየቀኑ መግዛት የሚችለው ስንቱ ነው ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ ጥያቄውም ከፎቁ ወደ መንገዱ ያወርደናል።

ከፎቁ በታች ጫኝና አውራጅ አለ። እህል የሞላ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ሰውየው ይህን ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲያመላልስ ይውላል፤ የሚከፈለውም ለዚያ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ደግሞ 40 ኪሎ ብረት አንስቶ ካነሳበት ቦታ ይመልሳል፤ የሚከፍለውም ለዚያ ነው። አንዱ ለእንጀራ ይሸከማል፣ ሌላው እንጀራውን ለማቅለጥ ይሸከማል። ይህ በድሃ ላይ መሳለቅ አይደለምን?

ነገሩን ሳብሰለስለው መሳለቁ ከብረቱ እንዳልመጣ ታየኝ። ሁለቱን የሚለያያቸው የሸክሙ ክብደት አይደለም፤ በሸክሙ ላይ ማን ያዛል የሚለው ነው። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ክብደቱን ራሱ ይመርጣል፣ ሲደክመው ያስቀምጣል፣ በማግስቱ ያርፋል፣ ማታ ምስሩን ይበላል። ስለዚህ ሸክሙ ይሠራዋል። የታችኛው ሰው ክብደቱን አይመርጥም፣ ወገቡን ቢያመውም ነገ መምጣት አለበት፣ ማታም የሚበላው የወጣበትን ላብ አይተካም። ስለዚህ ያው ሸክም ያፈርሰዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁና በጀርባው የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ወደዚያ ዝቅ እንዲል ይመክራል። ኩንታላችን ከዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው ከማንም ይልቅ ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ 55 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ገላው ነግሮታልና። ያወቀ ሰው ደግሞ ለሱቁ ዕቃ ሲያስወርድ ኩንታሉን ለሁለት ከፍሎ ማስጫን፣ ዋጋ ሲከራከርም ማፈር ይችላል።

የልጅ ልጁ መልስ ከዚሁ ይጀምራል። ብዙ ሰው «እኔ ብበላ ሌላው ይራባል፣ እኔ ብቆጥብ ሌላው ይጠግባል» ብሎ ያስባል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ድህነትንና ረሃብን በመረመረበት መጽሐፉ የወሎን የ1965 እና 1966 ረሃብ አንስቶ ያሳየው ነገር ግን ሌላ ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ተጭኖ ይወጣ ነበር። ገበሬው ያለቀው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ብቻ አልነበረም። ምርቱ ሲጠፋና ከብቱ ሲሞት የሚገዛበት ስላጣ ነው። እንግዲህ ያ ዘመን የሚከሰን በሳህናችን መጠን አይደለም፤ ለጉልበት በምንከፍለው ዋጋና አቅም ያጣውን ሰው በማየትና ባለማየታችን ነው። በፒያሳ ወፍሮ መቀመጥ ማንንም አያጠግብም። መክሳትም እንደዚያው።

ሃይማኖቶቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያሰቡበት ይመስለኛል። ክርስቲያኑ በ55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ሙስሊሙ በረመዳን ከምግብ ሲታቀቡ ሁለቱም የተረፈው ወዴት ይሂድ የሚለውን አልዘነጉም። ጾም ከምጽዋት ጋር ተጣምሮ ይሰበካል፤ ረመዳን ሲያበቃ ዘካተል ፊጥር የሚሰጠው ድሃው ዒዱን ጠግቦ እንዲውል ነው። ለቁንጅና የሚከሳ ሰው የጎደለበት ይህ ሁለተኛው እግር ነው። ከሳህኑ ያነሳው በኪሱ ይቀራል፤ ወይም ለሌላ ቅንጦት ይውላል። የጾመኛው ሥርዓት በዚህ ረገድ ከሠልጣኙ ሥርዓት የተሻለ ትምህርት ነው።

ከንቱ ውዳሴ ነው የሚለውስ ክስ? ሮማዊው ሴኔካ በአንድ ደብዳቤው ክንድን ለማሳበጥና አንገትን ለማደንደን መድከምን ይነቅፋል፤ የቱንም ያህል ብትደልብ የሰባ በሬን አታክልም ይላል ነገሩ ሲጠቀለል። በዜኖፎን መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው ሶቅራጥስ ደግሞ ገላውን የጣለውን ወጣት ይገሥጻል፤ ሰው ሰውነቱ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሳያይ ማርጀቱ ነውር ነው ባይ ነው። ለእኔ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሴኔካ መስተዋቱን ይከሳል፣ ሶቅራጥስ ስንፍናን ይከሳል። መስተዋትም ሚዛንም ክፉ ዳኞች ናቸው። ሚዛን ስብንና ጡንቻን አይለይም፤ እሱን ብቻ የሚያምን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚኒሶታን ረሃብተኞች መንገድ ይከተላል። መስተዋትም «ይበቃል» ማለትን አያውቅም።

የሚሻለው ዳኛ «ምን መሸከም እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት እግራቸውን በክብደት እንዲያሠለጥኑ ተደርጎ ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ጡንቻ በእርጅና እየሟሸሸ የሚሄድ ነገር ነው፤ ዛሬ በ35 ዓመቱ ያላስቀመጠው ሰው በ75 ዓመቱ ከወንበር ለመነሳት የልጆቹን እጅ ይጠብቃል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው፣ ዳገቷ በማያልቀው ደሴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባቶቻችን ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል በእግራቸው ይወጡት የነበረውን እኛ በመኪና እንወጣዋለን፤ ከሰፈር ሰፈርም ባጃጅ አለልን። ጉልበት ያለ ጥረት የሚገኝበት ዘመን አልፏል፤ ፈልገን ካልጠበቅነው ይሄዳል።

የምንጠብቀውስ ለማን ነው? እዚህ ላይ ወሎ የራሷ መልስ አላት፤ ቅሬ ይባላል። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ይሸከሙታል፤ ሲሞት ይቀብሩታል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው። ስብ የግል ስንቅ ነው፤ የሚያገለግለው የተሸከመውን ሰው ብቻ ነው። ጉልበት ግን ጎረቤት የሚጠራው ነገር ነው። ውኃ በ20 ሊትር ጀሪካን ዳገት የምታወጣ እናትን የሚቀበላት፣ የወደቀ ሽማግሌ የሚያነሳ፣ ቃሬዛ ሥር ገብቶ ትከሻ የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ እኔ መክሳትን የሚፈልገውን ሰው አልከሰውም። ስቡን ቀስ ብሎ ይጣል፤ ጡንቻውን ይያዝ፤ ምስሩን ይብላ። ከሳህኑ የቀነሰው ወዴት እንደሄደ ግን ይጠየቅ፤ የጫኙን ኩንታል አይቶ ምን እንዳደረገም ይጠየቅ። ቅሬው በሌሊት ሲጠራ ደግሞ ያ በብረት የዳበረ ትከሻ ከቃሬዛው ሥር መገኘት አለመገኘቱን ጎረቤቶቹ ያያሉ።