መጽሐፉን መንጠቅ ወይስ አብሮ መቀመጥ?

 

ልጆች ምን እንደሚያነቡ የሚወስነው ማን ነው? ዛሬ እስቲ ይህን እናስተንትን።

ብዙ ሐበሾች በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ጾታና ጋብቻ የሚያወሩ፣ ከብዙ ቤተሰቦች እምነት ጋር የሚጋጩ የሕፃናት መጻሕፍትን በክፍል ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ በ2023 ግን ይህ ቀረ። ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወላጆች አብረው ተቃወሙ። በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆች ፈረደ፦ ቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጃቸውንም ማስወጣት ይችሉ ዘንድ።

ልብ በሉ! መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ይነሱ አልተባለም። «የእኔ ልጅ አያንብብ» ማለት ሌላ፣ «የማንም ልጅ አያንብብ» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው የወላጅ አማና ነው። ሁለተኛው ግን በሰው ልጅ ላይ መወሰን ነው።

በዚያው አገር፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ የሴንትራል ዮርክ የትምህርት ቦርድ በ2020 ብዙ መጻሕፍትን ከክፍል አገደ። ከታገዱት አንዱ የእህታችን የማላላ ዩሱፍዛይ የሕይወት ታሪክ ነበር። በ2021 ተማሪዎቹ ራሳቸው ተቃውመው እገዳውን አስነሱ። አያችሁ? ዛሬ እኛ የማንወደውን የሚያነሳ እጅ፣ ነገ የእኛንም ያነሳል።

«ታዲያ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያንብብ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ዛሬ የምትቀሩትን ሱረቱል ከህፍ አስታውሱ። የሁለቱ የአትክልት ቦታዎች ባለቤት በሀብቱ ተኩራርቶ ቂያማን ሲጠራጠር፣ አላህ ንግግሩን አልደበቀብንም። ግን ብቻውንም አልተወውም፤ የጓደኛውን መልስ አጠገቡ አኖረው። ሕፃናት ሳይቀሩ ሁለቱንም ይሐፍዛሉ።

ልጅም የሚያስፈልገው ይህ ጓደኛ ነው። ለዕድሜው የማይሆነውን እናቆይለት፤ ምክንያቱንም እንንገረው። መጽሐፉን ነጥቀን ዝም ካልን ግን ያንኑ በስልኩ ተደብቆ ያነበዋል፤ ያኔ መልስ የሚሰጠው ሰው አጠገቡ የለም።

ከዐስር በኋላ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን «ምን እያነበብክ ነው? ምን እያነበብሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ በሉና አብራችሁ አንድ ገጽ አንብቡ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።