የጋራ ብር፣ ዳኛው ማነው?

የዌብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያ ማዶ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና በሶማሊያ ድንበር አካባቢ ከገናሌ ጋር ይገናኛል። የሁለት አገር ሕዝብ ከአንድ ወንዝ ቢጠጣ ማንም አይገረምም። ታዲያ በአንድ ገንዘብ ቢገበያይ ለምን ያስፈራናል? ወንዙን ማንም አላተመውም፤ ገንዘብን ግን የሚያትመው አለ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

አያቶቻችን በጋራ ገንዘብ ኖረዋል። ማርትሬዛ የሚሉት ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ነው፤ በእኛም፣ በየመንም፣ በሱዳንም ይሠራበት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር ፓሪስ ቢያስቀርጹም ገበያው በማርትሬዛው ጸና። ነጋዴው ያመነው ንግሥቲቱን ሳይሆን በእጁ የሚመዝነውን ብር ነበራ! የወረቀት ገንዘብ ግን ሌላ ነው፤ ቃል ነው። ቃል ደግሞ ባለቤት አለው።

ይህን ያየነው በኤርትራ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላ እስከ 1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በብር ትገበያይ ነበር። ገንዘቡ የጋራ፣ ባንኩ ግን የአዲስ አበባ። በዚያ ወገን ቅሬታው «በምንገበያይበት ብር ላይ ድምፅ የለንም» የሚል ነበር። በዚህ ወገን ደግሞ «በገዛ ብራችን ቡናችንን ገዝተው በዶላር ይሸጡታል» ይባል ነበር። ናቅፋ ሲወጣ አስመራ ከብር ጋር አንድ ለአንድ ይመንዘር አለች። አዲስ አበባ እምቢ አለች፤ ከጥቃቅን የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት በግንቦት ጦርነት ውስጥ ነበርን። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘብ ብቻ ነው አንልም፤ የድንበሩም ጉዳይ ነበረበት። ግን ሁለቱም ሕዝብ «ተበላሁ» ብሎ አምኖ ነበር፤ ተበላሁ ያለ ሰው ደግሞ ለጠብ ሩቅ አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የጋራ ገንዘብ ወንድማማችነት ይፈልጋል» ይላሉ። እንዴ! ወንድማማችነትማ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ሌላ ነው። ዕቁብ የጣለ ያውቀዋል። ዕቁብተኞች የግድ መዋደድ የለባቸውም፤ ዳኛውን አብረው ይመርጣሉ፣ መዝገቡን ያያሉ፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ዳኛው የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግን የአንድ እናት ልጆችም ይካሰሳሉ። በዩሮ የሚገበያዩ አገሮች የየማዕከላዊ ባንካቸው ገዢዎች በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በግሪክ ዕዳ ምክንያት አቴንስና በርሊን ክፉ ቃል ተለዋውጠዋል፤ ቢሆንም ጠቡ ከጠረጴዛ አላለፈም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተፈረመው የአቡጃ ውል ለአፍሪካ አንድ ማዕከላዊ ባንክና አንድ ገንዘብ ያልማል። ነገ ጥያቄው ወደኛ ሲመጣ ገሚሳችን «ገንዘባችን ክብራችን!»፣ ገሚሳችን «አንድ አፍሪካ!» ብለን መጯጯኻችን አይቀርም። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንጠያየቅ። ጎረቤት በኛ ብር ሲገበያይ ድምፁን ልንሰማ ፈቃደኞች ነን ወይ? እኛስ በሌላው ገንዘብ ብንገበያይ ዝም እንል ነበር? ለነዚህ መልስ ያላዘጋጀ ሰው ለመደገፍም ለመቃወምም ባይቸኩል ይሻላል።