ፍርድና ሚዛን በመዋኛ ገንዳ

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ውሃንና ዳኛን ጎን ለጎን ያቆማቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሁለቱም በደህናው ጊዜ ያገኟቸው እንደሆነ ያሻግራሉ፤ በክፉው ጊዜ የገጠሟቸው እንደሆነ ግን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄም ውሃና ዳኛ ከሚገናኙበት ስፍራ፣ ከኦሊምፒክ የመዋኛ ገንዳ የተቀዳ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ እውነቱን ለይቶ ለማየት ከማይችልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ዳኛ ምን ማድረግ ይገባዋል?

የዋና ውድድር ከፍርድ ፍልስፍና ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በዕለት ኑሯችን ለፍርድ የሚቀርበው ጉዳይ ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ነው። የአንዱ ሀብት፣ የሌላው ድህነት፣ የምስክር ፍርሃት፣ የነገረ ፈጅ አንደበት ሁሉ ይገቡበታል። በገንዳው ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ተገፎ ይወድቃል። ስምንት ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት ርቀት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ግድግዳ። የሚጠየቀውም «ማን ቀድሞ ነካ?» የሚል ብቻ ነው። በዚህ በተራቆተ ጉዳይ እንኳ ፍርድ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በሌላው የኑሮ መስክ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻን ከዚህ ልንማር እንችላለን።

በሮም ኦሊምፒክ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1960፣ የወንዶች የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የፍጻሜ ውድድር ተደረገ። (የኦሊምፒክ ዓመታት በተለምዶ የሚጠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን በዚያው እንጠቅሳለን።) አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ለዓይን በሚያስቸግር አኳኋን ተከታትለው ግድግዳውን ነኩ። በጊዜው ደንብ መሠረት አሸናፊውን የሚለየው በገንዳው ጠርዝ የተቀመጡት ዳኞች ዓይን ነበር። አንደኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ ዴቪት ነው ሲሉ አንዱ ላርሰን ነው አለ። ሁለተኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ደግሞ ሁለቱ ሁለተኛ የወጣው ዴቪት ነው ሲሉ አንዱ ላርሰን ነው አለ። ድምፁ ቢደመር ሦስት ለሦስት ሆነ።

ሰዓት የያዙትስ ምን አሉ? የላርሰንን መስመር የተከታተሉት ሦስት ሰዎች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 ሰከንድ መዘገቡ። የዴቪትን መስመር የተከታተሉት ሦስቱም 55.2 አሉ። ለይፋ ውጤት ባይታሰብም በስፍራው የነበረው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ላርሰንን 55.10፣ ዴቪትን 55.16 ብሎ ነበር። ዋናው ዳኛ ግን ወርቁን ለዴቪት ፈረደ። ከዚህም በኋላ የላርሰን ሰዓት ወደ 55.2 ከፍ ተደርጎ ከአሸናፊው ጋር እኩል ተጻፈ። አሜሪካውያን ይግባኝ ቢሉም አልተሳካላቸውም። መዝገቡ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ነቀፌታችንን በቦታው ልናሳርፍ ይገባናል። የዳኞቹ ዓይን ተከፋፈለ ብሎ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ውሃ ይረጫል፣ እጅ በአረፋ ይሸፈናል፣ የሰው ዓይንም የሰው ዓይን ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው ፍርዱና ማስረጃው በተጋጩበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እንዲቃና የተደረገው ማስረጃው ነበር። ምስክሩ ከውሳኔው ጋር ስላልተስማማ የምስክሩን ቃል የሚያርም ዳኛ፣ የወሰነው ውሳኔ በአጋጣሚ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ፍርድን በድሏል። ዴቪት በእርግጥ ቀድሞ ነክቶ ቢሆን ኖሮም 55.1ን 55.2 ብሎ መጻፍ እውነት አይሆንም ነበር።

ለመሆኑ ስለ ዴቪትስ ምን እንበል? እርሱ ያጠፋው ነገር የለም። ፊቱን ውሃ ውስጥ ቀብሮ ወደ ግድግዳው የሚወረወር ዋናተኛ በሌላው መስመር የሆነውን ለማየት ከሁሉ ያነሰ ዕድል ያለው ሰው ነው። አሸንፈሃል አሉት፤ ተቀበለ። «ሜዳሊያውን መመለስ ነበረበት» የሚሉትን ወገኖች ሐሳብ ብንመረምረው ጽኑ መሠረት አናገኝለትም፤ ሰው የእርሱ አለመሆኑን ያላወቀውን ነገር እንዲመልስ በምን ሕግ ይገደዳል? ይሁን እንጂ ያ ወርቅ በዴቪት አንገት ላይ የዋለው ከነጥያቄው ነው። የተዛባ ፍርድ የሚጎዳው ተሸናፊውን ብቻ ነው ብለን ማሰብ ልማዳችን ሆኗል። በሮም የሆነው ግን ሁለቱንም ጎድቷል፤ ከአንዱ ሜዳሊያውን፣ ከሌላው የኅሊና ዕረፍቱን ወስዷል።

ከ14 ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በዚያችው ከተማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሞሮካዊው ራዲ ቤን አብደሰላም የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነበር። እዚያ ላይ ዳኛ ምንም አልተቸገረም። እውነት በ25 ሰከንድ ርቀት ላይ ስትቆም ዳኛ ሁሉ ጻድቅ ነው፤ የዳኛ ጠባይ የሚፈተነው ርቀቱ ከዓይን ባነሰ ጊዜ ነው።

ከሮም በኋላ የሰው ልጅ ያገኘው መልስ ዓይንን በመሣሪያ መተካት ነበር። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በገንዳው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ዋናተኛው ሰሌዳውን ሲነካ ሰዓቱ በራሱ ይቆማል። ብዙዎች ክርክር ሁሉ ከዚህ በኋላ አበቃ ብለው ነበር። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1972 በሙኒክ፣ ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። አራቱ የቀዘፋ ዓይነቶች ተከታትለው በሚዋኙበት የ400 ሜትር ድብልቅ ውድድር ስዊድናዊው ጉናር ላርሶንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ሁለቱም በ4 ደቂቃ ከ31.98 ሰከንድ ጨረሱ። መሣሪያው እስከ ሺህኛ ሰከንድ ይቆጥር ስለነበር ወደዚያው ተኬደ። ላርሶን 4፡31.981፣ ማኪ 4፡31.983 ሆኑ። ወርቁ በሰከንድ 2 ሺህኛ ልዩነት ለስዊድናዊው ተሰጠ።

በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ያን ጊዜ ትንፋሻችንን ያስያዘን ልዩነት የሙኒኩን 45 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አሁን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። 400 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ የሚጨርስ ሰው በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። በ2 ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ የሚሄደውም 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ገንዳው 50 ሜትር ስለሆነ ዋናተኞቹ ስምንት ጊዜ ተመላልሰዋል። ስለሆነም የአንዱ መስመር ርዝመት ከሌላው በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢበልጥ ልዩነቱ ሁሉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ገንዳን ደግሞ የሚሠራው ግንበኛ ነው፤ ደንቡም በሴንቲሜትር የሚቆጠር ትርፍ ይፈቅድለታል። እንግዲህ በሙኒክ የተለካው ማን ነበር? ዋናተኛው ነው ወይስ ግንበኛው?

የሮም ስሕተት ማስረጃን መናቅ ነበር። የሙኒክ ስሕተት ማስረጃው ሊናገር የማይችለውን እንዲናገር ማስገደድ ነው። ጤፍን በቁና የሚሰፍር ነጋዴ ቁናውን አስተካክሎ ከሰፈረ ታማኝ ነው። በዚያው ቁና ሰፍሮ ሲያበቃ «ያንተ ከጎረቤትህ በሦስት ፍሬ ያንሳል» ቢል ግን ቁናው የማያውቀውን ነገር መናገሩ ነውና ሐሰተኛ ይሆናል። የዋና ስፖርት መሪዎች ይህን ተገንዝበው ከሙኒክ በኋላ ውጤት እስከ መቶኛ ሰከንድ ብቻ እንዲቆጠር ወሰኑ። ሺህኛውን የሚቆጥር መሣሪያ በእጃቸው እያለ አንጠቀምበትም አሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ውሳኔ መሣሪያውን ከመፍጠር ያላነሰ ጥበብ ነው።

የውሳኔው ፍሬ በ1984 በሎስ አንጀለስ ታየ። በሴቶች የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ካሪ ስታይንሳይፈርና ናንሲ ሆግስሄድ ሁለቱም በ55.92 ሰከንድ ገቡ። ሁለት ወርቅ ተሰጠ፤ በኦሊምፒክ የዋና ታሪክም ወርቅ ለሁለት ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ2000 ጋሪ ሆልና አንተኒ ኤርቪን በ50 ሜትር፣ በ2016 ደግሞ ሲሞን ማኑኤልና ካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ በ100 ሜትር እንዲሁ ወርቅን በእኩልነት ወስደዋል። «ወርቅ ከተካፈሉት ይረክሳል» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን በሎስ አንጀለስ የተካፈለ ሜዳሊያ የለም፤ ሁለቱም ሙሉ ወርቅ ተቀበሉ። የተካደ እውነትም የለም፤ ዳኛው «ከዚህ ወዲያ አላይም» ብሎ በአደባባይ መሰከረ እንጂ።

በእርግጥ መቶኛ ሰከንድም ቢሆን ሰው የሠመረው መስመር ነው። ፍጹም አይደለም። በ2008 በቤጂንግ፣ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ፣ ማይክል ፌልፕስ ሰርቢያዊውን ሚሎራድ ቻቪችን 50.58 ለ50.59 አሸነፈ። ለብዙ ተመልካች ቻቪች ቀድሞ የደረሰ መስሎ ነበር። ሰርቢያ ተቃውሞ አቀረበች፤ ሥዕሉ ተመረመረ፤ ውጤቱ ጸና፤ ቻቪችም ተቀበለው። ሰሌዳው የሚቆመው በኃይል ሲገፋ ነውና ቻቪች እጁን ዘርግቶ ሲንሸራተት ፌልፕስ አንድ ቀዘፋ ጨምሮ ሰሌዳውን መታው። ዓይን «ማን ደረሰ?» ሲል መሣሪያው የሚመልሰው «ማን ገፋ?» የሚለውን ነው። ደንቡ አስቀድሞ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ ፍርዱ ትክክል ነበር። ቢሆንም መሣሪያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ልብ እንድንል ያደርገናል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያሳየን በ1976 በሞንትሪያል የሆነው ነው። የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ከ13ቱ የዋና ውድድሮች 11ዱን አሸነፉ። በሙኒክ አንድም ወርቅ አላገኙም ነበር። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ባባሾፍ ይህ ነገር ጤናማ አይደለም ብላ ስትናገር ጋዜጠኞች በሽንፈት የመረረች አድርገው ተሣለቁባት። እርሷና ጓደኞቿ የ4 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን ቅብብል በዓለም ክብረ ወሰን፣ በ3 ደቂቃ ከ44.82 ሰከንድ ቢያሸንፉም፣ ባባሾፍ በግሏ ሦስት ጊዜ በብር ተመለሰች። ሰዓቱ በሞንትሪያል አልተሳሳተም። እያንዳንዱ መቶኛ ሰከንድ በትክክል ተቆጥሯል። ዓመታት አልፈው የምሥራቅ ጀርመን መዛግብት ሲከፈቱ ግን መንግሥት አቅዶ ለስፖርተኞቹ የወንዴ ሆርሞን መድኃኒት ይሰጥ እንደነበር ተረጋገጠ። ብዙዎቹ ገና ታዳጊ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ቫይታሚን ነው ተብሎ የተሰጣቸውም ነበሩ። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን የበላይ ኃላፊ ማንፍሬድ ኤቫልድንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን በ142 ስፖርተኞች ላይ በደረሰ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ አላቸው። የሞንትሪያል ሜዳሊያዎች ግን ዛሬም በቀድሞ ባለቤቶቻቸው ስም ተመዝግበው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የበደሉ ተጠያቂ ማን እንደሆነ መለየት ያሻል። ወርቁን ከልጃገረዶቹ አንገት በቁጣ መንጠቅ፣ ሳያውቁ አካላቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ዳግመኛ መቅጣት ይሆናል። ባባሾፍን «ሰዓቱ ፈርዷል» ብሎ ማሰናበትም ግፍ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን እውነቶች በአንድ መዝገብ ማስፈር ይመስለናል፦ እነዚያ ልጃገረዶች በዚያን ቀን ፈጥነው ነበር፤ ውድድሩ ግን እኩል አልነበረም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል የሚያጽናናው፣ እውነቱ ሲጠራ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በወንበሩ ላይ ካለ ነው።

እነዚህ ነገሮች በገንዳው ውስጥ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። ማለፊያው 50 በሆነ ፈተና 49 ያገኘ ተማሪን እናስብ። መስመር መኖሩ ግድ ነው፤ ያለ መስመር ትምህርትም ውድድርም አይቆምም። መምህሩ ግን በሌላ ቀን ጠዋት፣ በሌላ ስሜት ሆኖ፣ ያንኑ ወረቀት 51 ሊሰጠው እንደሚችል ያውቃል። ያቺን አንዲት ነጥብ የሰነፍና የጎበዝ መለያ አድርጎ ያመነባት እንደሆነ የሙኒክን ስሕተት ይደግማል። ነጥቡን ከወሰነ በኋላ ወረቀቱን ከውሳኔው ጋር ለማስማማት የፋቀ እንደሆነ የሮምን ይደግማል። ያ ልጅ በባዶ ሆዱ ተፈትኖ እንደሆነ ሳይጠይቅ «ቁጥሩ ፈርዷል» ያለ እንደሆነ ደግሞ የሞንትሪያልን ይደግማል።

ስለዚህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የዓይኑ ድንበር ላይ የደረሰ ዳኛ ድንበሩን አይሸሽግም፤ «እስከዚህ አይቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላየሁም» ይላል። ያላየውን እንዳየ አይፈርድም፤ ያየውንም ለፍርዱ ብሎ አይሰርዝም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ኋላ በመጣ ጊዜ መዝገቡን ከፍቶ ይጽፋል። በሎስ አንጀለስ ሁለት ዋናተኞች ወርቅ አጥልቀው በአንድ ሰገነት ላይ ሲቆሙ ከክብራቸው የጎደለ ነገር አልነበረም። ላንስ ላርሰን በሮም የተነፈገው ይህ ነበር፤ ቢያንስ ከዴቪት አጠገብ እኩል መቆም። ለዚያ የሚያስፈልገው ሌላ መሣሪያ አልነበረም፤ ሦስት ለሦስት የሆነውን ድምፅ ሦስት ለሦስት ብሎ የሚያነብ አንድ ዳኛ ይበቃ ነበር።