ሾፌሩስ?

ባለፈው ሰሞን ዶርም ውስጥ ክርክር ተነሣና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተሟገትን፤ አልተግባባንም። መነሻው ፊልም ነው። አልፍሬድ ሃይኒከን የተባለው የሆላንድ ቢራ ጠማቂ ባለጸጋ (ስሙን ከጠርሙስ ላይ የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች ገዝቷል) በኖቬምበር 1983 አምስተርዳም ላይ ከቢሮው ሲወጣ ታፍኖ ሦስት ሳምንት በሰንሰለት መክረሙን ይተርካል። ለማስለቀቂያ የተከፈለው 35 ሚሊዮን ጊልደር ነው። እውነቱን እንናገርና፣ ፊልሙን ስናይ ልባችን ከአጋቾቹ ጋር ነበር። ፖሊስ በተቃረበ ቁጥር የምንደነግጠው እኛ! «ምነው በያዟቸው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ እንዴት ሆነብን? የ2015ቱ ፊልም የተቀዳው ፔተር ኤር ደ ፍሪስ የተባለ የወንጀል ጋዜጠኛ በ1987 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ደ ፍሪስ ወሬውን በጋዜጣ ከጅምሩ የተከታተለ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ግን የጻፈው ከአጋቾቹ ዋና ከነበረው ከኮር ፋን ሃውት አፍ ሰምቶ፣ ነገሩን በእሱ ዓይን እያየ ነው። ፍልስፍና የሚያጠናው ጓደኛችን «ብዕሩን ለወንጀለኛ ያከራየ ከወንጀለኛው በምን ይሻላል?» አለ። ሌላው ደግሞ «ሌባውን ሳትሰማ ሌብነትን ከየት ልታውቅ ነው?» ሲል መለሰለት።

እኛ ለሁለተኛው እናደላለን። ወንጀለኛን መስማት ነውር አይደለም። የከነከነን ሌላ ነው። ሃይኒከን ብቻውን አልታፈነም፤ ሾፌሩም አብሮት ታፍኗል፤ በዚያው መጋዘን፣ በሌላ ክፍል፣ ያንኑ ሦስት ሳምንት በሰንሰለት ከርሟል። አጋቾቹ የመጡት ለእሱ አልነበረም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስሙን ብንጠያየቅ የሚያስታውሰው ጠፋ። አብ ዶደረር ይባላል፤ እኛም ፈልገን ነው ያገኘነው።

ደ ፍሪስ ግን እዚያ አልቆመም። በ1998 ሕይወቱ ላለፈ የ11 ዓመት ልጅ ቤተሰቦች ጠበቃ ሳይሆን ጠበቃ ሆኖ ለዓመታት ጮኸላቸው። በመጨረሻም በሪዱዋን ታጊ ቡድን ላይ በተከፈተው ትልቁ የግድያ ችሎት የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሆነው ሰው አማካሪ ሆነ። የምስክሩ ወንድም በ2018፣ ጠበቃው በ2019 ተገድለዋል። ይህን እያወቀ ነው የገባበት። ጁላይ 6 ቀን 2021 አምስተርዳም መሀል ከቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሲወጣ በጥይት ተመታ፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። 64 ዓመቱ ነበር።

«እንግዲህ በደሙ ከፈለ» ያለ ነበር። ይህን አንቀበልም። የደ ፍሪስ ሞት ለሾፌሩ ሦስቱን ሳምንት አይመልስለትም፤ ዕዳው የተለያየ ነው። ደግሞስ ምስክሩ ራሱ ንጹሕ ሰው መች ሆነና! ደ ፍሪስ በወጣትነቱም በእርጅናውም ጆሮውን ያዋሰው ለወንጀለኛ ነው። ልዩነቱ ፋን ሃውት ሲናገር ተራኪውም ባለታሪኩም እሱ ነበር፤ ምስክሩ ሲናገር ግን የሌሎች ሬሳ ይቆጠር ነበር፤ የገዛ ወንድሙም ተጨመረበት።

ይኸው ፈላስፋችን አሁን ታሪኩን በሾፌሩ በኩል ልጽፍ ነው ብሎ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ሌሊት አላለፈም። ሾፌሩ በግድግዳው በኩል የጌታውን ሳል ይሰማል ብሎ ጀምሮ ነበር። ክፍሎቹ ድምፅ እንዳያሳልፉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ ብንለው፣ ሰረዘው።